ብሩሽድ ሜታሉን ብረት ያስመሰለልኝ ነገር

ለአንድ የሙዚቃ ማጫወቻ ዲዛይን ብሩሽድ ሜታል የሚመስል ዳራ አስፈለገኝ። ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ደቃቅ ጭረቶች ያሉበትን የአሉሚኒየም መልክ ማለቴ ነው። ፎቶ ማውረድ ይቻል ነበር። ግን መጠኑን እንደልቤ መቀያየር ስለፈለግሁ ከባዶ ልሥራው ብዬ ፎቶሾፕ ከፈትኩ።

ጅማሬው ቀላል ነው። አንድ ሌየር (የምስል ንጣፍ) በ50 በመቶ ግራጫ ሞላሁ። ከፊልተር ሜኑ «አድ ኖይዝ» (ነጠብጣብ መጨመሪያ) ገብቼ «ጋውሲያን» እና «ሞኖክሮማቲክ» መረጥኩ። ሞኖክሮማቲክን ከረሳችሁት ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይገባበታል፤ ያኔ ብረትነቱ አበቃ። ቀጥሎ «ሞሽን ብለር»፦ አንግሉ 0፣ ርቀቱ 200 ፒክስል። ነጠብጣቦቹ ተጎትተው መስመር ሆኑ። ብለሩ ሁሉንም አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሚያደርገው በ«ሌቭልስ» ጥቁሩንና ነጩን ወደ መሀል ሳቀርብ ጭረቱ ተመለሰ።

ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ግን ወፍራም መስመሮች ወጡ። ከምስሉ ውጪ ፒክስል ስለሌለ ብለሩ የጠርዙን ፒክስል ደጋግሞ ይጎትታል። የምፈልገው ስፋት 1200 ፒክስል ነበር። እንደገና በ1800 ጀምሬ በመጨረሻ ከየጎኑ 300 ቆረጥኩ፤ መስመሮቹም አብረው ሄዱ።

ያም ሆኖ ውጤቱ ግራጫ ጨርቅ እንጂ ብረት አልመሰለኝም። ኖይዙን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ብዙ ሰዓት ባከነ። በኋላ ተነስቼ የሊፍት በር ፊት ቆምኩና አየሁት። የበሩ ጭረት አግድም ነው። የመብራቱ ነጸብራቅ ግን ከላይ እስከ ታች ቁልቁል ተዘርግቷል። ለካ እያንዳንዱ ጭረት ትንሽ ቦይ ስለሆነ ብርሃኑን ወደ ላይና ወደ ታች ይበትነዋል፤ ነጸብራቁም ጭረቱን አቋርጦ ይለጠጣል። እኔ ደግሞ ብርሃኑን የሚሰጠውን ግራዲየንት (ቀስ በቀስ የሚለወጥ ቀለም) ከላይ ወደ ታች፣ ከብርሃን ወደ ጨለማ ነበር የሠራሁት።

ግራዲየንቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ስፋታቸው የተለያየ ሦስት የብርሃን ቋሚ ሰንበሮች ሰጥቼው ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጭረት ጋር እንዲዋሃድ «ሶፍት ላይት» አደረግሁት። በቃ፣ ብረት ሆነ! ደስታዬን አልደብቅም። ከላይ ጠርዙ ላይ ደብዘዝ ያለች የ1 ፒክስል ነጭ መስመር ስጨምር ደግሞ ውፍረት ያለው ቆርቆሮ መሰለ።

የድምፅ መቆጣጠሪያው ክብ ስለሆነ እዚያ የተጠቀምኩት ነጠብጣቡን በክብ የሚጎትተውን «ራዲያል ብለር» ነው፤ «ስፒን» ላይ፣ መጠኑ 100። ብርሃኑን መሀሉን እየዞረ የሚለወጠው «አንግል ግራዲየንት» ይሠራዋል፤ ከመሀል ተነስተው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዘረጉ ሁለት ብሩህ ሽብልቆች። የብረት ድስት መቀመጫ መብራት ሥር ብትይዙ ይህንኑ ታያላችሁ። ድስቱን እንደ መሪ አሽከርክሩት፤ ነጸብራቁ ካለበት አይነቃነቅም። እኔ መጀመሪያ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር ሁሉንም ሌየር አብሬ አዞርኩና የተለጠፈ ወረቀት መሰለ። አሁን የሚዞረው ጠቋሚዋ ምልክት ብቻ ናት፤ የብርሃኑ ሌየር ባለበት ይቆማል።