ቃሉን የጠበቀ ጋርደን

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የለንደኑ የቼልሲ አበባ ኤግዚቢሽን ውጤት ሲወጣ ጓደኞቼ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ሁሌ ያው ነው። «ማን አንደኛ ወጣ? ማንስ ሁለተኛ?» ሥራዬ ተክልና አፈር ስለሆነ ስለዚህ ነገር ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። መልሴ ግን ግር ያሰኛቸዋል። እዚያ ሁለተኛ የሚባል የለም።

ቼልሲ ላይ ዳኞች አንዱን ጋርደን ከጎረቤቱ ጋር አያወዳድሩም። እያንዳንዱን ለብቻው፣ በተቀመጠው መስፈርት ነው የሚመዝኑት። ሜዳሊያው አራት ደረጃ አለው፦ ወርቅ፣ በወርቅ የተለበጠ ብር፣ ብር እና ነሐስ። መስፈርቱን ያሟሉት ብዙ ከሆኑ ሁሉም ወርቅ ይወስዳሉ። ማንም ካላሟላ ወርቅ የሚባል ነገር አይኖርም። ከዚያ በላይ «ምርጥ ጋርደን» የሚባል ሽልማት አለ፤ እሱን የሚወስደው አንድ ብቻ ነው። እርስ በርስ መበላለጥ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ይህ አሠራር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ለእኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ከሜዳሊያው ቀድሞ ያለው ወረቀት ነው። ዲዛይነሩ ገና አንድ ድንጋይ ሳይነሳ «ብሪፍ» የሚሉትን ጽሑፍ ለአዘጋጁ ያስገባል። ጋርደኑ ለማን ነው? የት እንዳለ ተደርጎ ነው የታሰበው? ምን ሊሰጥ ነው? ምን ይተከልበታል? ይህን ሁሉ አስቀድሞ ይጽፋል። ዳኞች ሲመጡ ያንን ጽሑፍ አንብበው ነው የሚመጡት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ያምራል ወይ?» ብለው አይደለም። «ያለውን አድርጓል ወይ?» ብለው ነው። ቃል ተገብቷል፣ ቃሉ ተጠብቋል ወይ? እኔ በአበባ ኤግዚቢሽን ሽልማት የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ዓመት ከተካዮች ጋር ገብቼ ሠርቻለሁ። ትንሽ ጋርደን ነበረች። እንደ ደንቡ ከባድ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ፣ ድንጋዩ ተነጥፎ፣ ግድግዳው ቆሞ ካበቃ በኋላ ነው ተካይ የሚገባው። ጊዜ ስለሌለ ሁሉም ሰው ይሯሯጣል። ትልልቆቹ ጋርደኖች እንኳ ተሠርተው የሚያልቁት ሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው። ኤግዚቢሽኑ ካለቀ በኋላ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይፈርሳሉ።

ከሩቅ የሚያይ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ብዙው ተክል የሚቀበረው ከነፕላስቲኩ ነው። አንዱ ቢጠወልግ ቶሎ አውጥቶ ሌላ ለመተካት ይመቻል። ሥራው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲኩን ትንሽ ታዘነብለዋለህ፣ የተክሉ ጥሩ ፊት ወደ መንገዱ እስኪዞር ድረስ ታሽከረክረዋለህ፣ ከዚያ ጠርዙ እንዳይታይ አፈርና ብስባሽ ታለብሰዋለህ። አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ጠርዝ ብቅ ካለ ዓይን ቶሎ ይይዘዋል። ከዚያ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ መጥረግ አለ። የረገፈ አበባ በመቀስ ይለቀማል። ጠጠር ላይ የወደቀ አፈር በብሩሽ ይነሳል። ጉልበቴን መሬት ላይ አድርጌ ድንጋይና ተክል የሚገናኙበትን ጠርዝ ስጠርግ ዋልኩ። የአንድ ጋርደን ጥራት ያለው እዚያ ነው ብዬ የማምነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ድንጋዩ በትክክል ተቆርጦ እንደሆነ፣ አፈሩ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ እንደሆነ፣ ተክሉ ጠርዙን በስሱ ተደግፎት እንደሆነ እዚያ ታያለህ።

የዚያች ጋርደን ብሪፍ ጎንበስ ማለት ለማይችሉ አንዲት አዛውንት ነው የሚል ነበር። መደቦቹ ከፍ ተደርገው ተሠርተዋል። አግዳሚው ሲቀመጡበትም ሲነሱበትም እንዳያስቸግር ቁመቱ ተለክቷል። መንገዱ ሰፊ ነው። ሽታ ያላቸው ቅጠሎች እጅ በሚደርስበት ቦታ ላይ ናቸው። በጣም የተጨነቁበት ነገር ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የውጤቱ ካርድ ሲመጣ በወርቅ የተለበጠ ብር ሆነ።

ዳኞች ከውጤቱ በኋላ ለዲዛይነሩ አስተያየት ይሰጣሉ። ዲዛይነሯ ከእነሱ ጋር ተነጋግራ ስትመለስ የነገረችንን አልረሳውም። ስለ አበባው ምስጋና ነበር። ስለ ድንጋዩም እንደዚያው። ከዚያ አንዱ ዳኛ እንዲህ ብሎ ጠይቋል፦ «ሴትዮዋ ውሃ የሚቀዱት እንዴት ነው?» ቧንቧው ከበርሜሉ ኋላ፣ በቁርጭምጭሚት ከፍታ ላይ ነበር። ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። አንድም ሰው ቃል አልወጣውም።

ጥያቄው ልክ ነበር። ጋርደኑ ለማን እንደሆነ የተናገረው ራሱ ብሪፉ ነው። ለወጣት ነው ቢል ኖሮ ያ ቧንቧ ምንም ጥፋት የለበትም። ዳኛው ከኪሱ ያመጣው መስፈርት አይደለም። የዲዛይነሯን የራሷን ቃል ነው መልሶ ያነበበላት። እሷም ከፍቷት ነበር፤ ግን አልተከራከረችም።

ከብሪፉ ሌላ የሚታይ ብዙ ነገር አለ። አቀማመጡ፣ ልኩ፣ የግንባታው ጥራት፣ መንፈሱ፣ የተክሎቹ አመራረጥ በየፈርጁ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ተክል ላይ ያለው ዳኝነት በጣም ይማርከኛል። ላቬንደር ፀሐይና ደረቅ አፈር ይወዳል። ፈርን ጥላና እርጥበት ይፈልጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብትተክላቸው ለአንድ ሳምንት ሁለቱም ያምራሉ፤ ፎቶም ይወጣላቸዋል። ተክል የሚያውቅ ዳኛ ግን ያልፈዋል ብለህ አትጠብቅ። አንድ ዓመት እንኳ አብረው ሊቆዩ የማይችሉ ናቸውና።

የአበባው ጊዜ ጉዳይ ራሱን የቻለ ትግል ነው። የፈለግከው አበባ በዳኝነቱ ቀን መፈንዳት አለበት። ቀድሞ እንዳይፈነዳ ቀዝቃዛ ክፍል ያስገቡታል። ከዘገየ ሙቀት ይሰጡታል፤ በፀጉር ማድረቂያ የሚያባብሉም አሉ። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1829 ጀምሮ የሚካሄደው የፊላደልፊያው ኤግዚቢሽን የሚውለው ክረምታቸው ገና ሳይወጣ ነው። ስለዚህ የጸደይ አበባው ሁሉ በመስታወት ቤት ውስጥ ተሞቆ፣ ያለጊዜው እንዲያብብ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ቼልሲ ደግሞ በ2020 በኮቪድ ምክንያት ቀረ፤ በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ በሴፕቴምበር ተካሄደ። ከ1913 ጀምሮ የጸደይ ኤግዚቢሽን የነበረው በአንድ ጊዜ የእነሱ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ኤግዚቢሽን ሆነ። ዲዛይነሮች የለመዱትን አበባ ትተው ዳሊያና ሣር ይዘው መጡ። እኔ ያንን ዓመት በጣም ወድጄዋለሁ። ሁሉም እንደ አዲስ ማሰብ ነበረበት።

አሁን ብዙ ሰው ወደተከራከረበት ልምጣ። በ2022 ምርጥ ጋርደን ተብሎ ወርቅ የወሰደው ሉሉ ኡርኩሃርት እና አዳም ሃንት የሠሩት ነበር። ለሪዋይልዲንግ ብሪቴን የተሠራ ነው፤ ተፈጥሮ ራሷን መልሳ እንድትተካ የሚሠራ ድርጅት ነው። ሁለቱም ቼልሲ ላይ አዲስ ነበሩ። የሠሩት ቢቨር የሚባለው እንስሳ ተመልሶ የገባበትን የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ገጠር ነው። ቢቨር ብሪታንያ ውስጥ ለ400 ዓመት ያህል ጠፍቶ የነበረ ነው። እንጨት እየቆረጠ ወንዝ ይገድባል፤ ከግድቡ ኋላ ኩሬ ይሆናል፤ ኩሬው ዙሪያ ሕይወት ይበዛል። ጋርደኑ ላይ ቢቨር የለም። የቢቨር ግድብ ግን አለ፣ የታኘከ እንጨት አለ፣ ቀስ እያለ የሚወርድ ውሃ አለ፣ ዙሪያውን የአገሩ ቁጥቋጦና የሜዳ አበባ አለ።

ብዙ ሰው ተቆጣ። «ይህ ደግሞ ጋርደን ነው? ጫካ አይደለም እንዴ?» ተባለ። ንዴቱ ይገባኛል። ለዓመታት የተጠረገ፣ የተከረከመ፣ ቀጥ ያለ ነገር ስናይ ኖረናል። ግን ብሪፉን አንብቡት። ያንን አካባቢ አሳያለሁ አለ፤ አሳየ። ግድቡ እውነተኛ የሚመስለው ሠሪዎቹ ቢቨር ምን እንደሚያደርግ ስላጠኑ ነው። የበቀለው ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ የሚበቅል ነው። የተዝረከረከ የሚመስለው እያንዳንዱ ሥር በሰው እጅ፣ ታስቦበት የተቀመጠ ነው። ጉልበቱን መሬት አድርጎ ጠርዝ የጠረገ ሰው ያንን ዓይነት «መዝረክረክ» መሥራት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። በእኔ አስተያየት ዳኞቹ ትክክል ነበሩ።

ሕዝብ የሚመርጠው ሽልማትም አለ። ተመልካች የወደደውን ይመርጣል። አንዳንድ የሙያው ሰዎች ይንቁታል፤ እኔ አልንቀውም። በ2009 የቴሌቪዥን አዘጋጁ ጄምስ ሜይ ልጆች ከሚጫወቱበት ጭቃ መሰል ፕላስቲሲን ብቻ የተሠራ ጋርደን ይዞ መጣ። አበባው፣ ቅጠሉ፣ ሣሩ፣ ሁሉም ፕላስቲሲን። አንድ ሕያው ተክል የለበትም። በመደበኛው መንገድ ሜዳሊያ ሊሰጠው አይችልም። አዘጋጆቹ ከዚያው ከፕላስቲሲን የተሠራ ሜዳሊያ ሰጡት፤ ሕዝቡ ደግሞ ከትንንሾቹ ጋርደኖች መካከል መረጠው። ሁለቱም ውሳኔ ትክክል ይመስለኛል። ዳኛ ተክል ያልበቀለበትን እንደ ተክል ሊዳኝ አይችልም። ሕዝቡ ደግሞ ደስ ያለውን ደስ አለኝ አለ። የሁለቱን ሚና አለማቀላቀል ነው።

ነገር ግን አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ቃል የሚጠበቀው ለስንት ቀን ነው? ድሮ ቅዳሜ ከሰዓት ደወል ሲደወል ነገሩ ያበቃል። ተክሉ ለተመልካች ይሸጣል። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አበባ ታቅፎ ባቡር የሚሳፈር ሰው ታያለህ። ያምራል፤ እኔም ያንን ሰዓት እወደዋለሁ። ድንጋዩና እንጨቱ ግን ብዙው ቆሻሻ ነበር የሚሆነው።

ይህ እየተለወጠ ነው። አሁን አዘጋጁ ጋርደኖቹ ከኤግዚቢሽኑ በኋላ የት እንደሚሄዱ አስቀድሞ ይጠይቃል። በ2022 ደግሞ ፕሮጀክት ጊቪንግ ባክ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ለሌሎች በጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋርደን ወጪ መሸፈን ጀመረ። ጋርደኑ በኋላ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። ከእነዚህ አንዱ በ2023 ምርጥ ጋርደን የተባለው የሆሬሾ ጋርደን ነው፤ ሻርሎት ሃሪስ እና ሂዩጎ በግ የሠሩት። የተሠራው የጀርባ አጥንት ጉዳት ለደረሰባቸው ሕሙማን ነው፤ መድረሻውም ሼፊልድ ያለው የሕክምና ማዕከላቸው ነው።

ዲዛይነሮቹ ከሕሙማኑ ጋር ተነጋግረዋል። ጀርባው የተጎዳ ሰው አልጋው ወይም ዊልቼሩ ትንሽ በተንገጫገጨ ቁጥር ያመዋል። ስለዚህ መንገዱ ልሙጥ ሆነ። በጀርባው ተኝቶ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ የዛፎቹ ቅርንጫፍ ከሥር ሲታይ ምን ይመስላል ብለው አሰቡ። ስለዚያ መንገድ ሳነብ የቧንቧው ጥያቄ ነው ትዝ ያለኝ። እዚህ ግን ጥያቄው ከዳኞቹ በፊት በራሳቸው በሕሙማኑ ነው የተጠየቀው።

እንግዲህ የእኔ ምኞት ይህ ነው። አዘጋጆች ሁለተኛ ዳኝነት ይጀምሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ያንኑ ብሪፍ ይዘው፣ ጋርደኑ በተዛወረበት ቦታ ይሂዱ። ማስታወቂያም አያስፈልግ። ልሙጡ መንገድ አሁንም ልሙጥ ነው ወይስ ሥር አነሳው? የተተከለው ዛፍ ጥላ መስጠት ጀመረ? ከጎረቤቱ ጋር የተጣላ ተክል አለ? የሚያጠጣው ማን ነው፣ ውሃውስ ከየት ይመጣል? የተሠራላቸው ሰዎች ይወጡበታል ወይስ በመስኮት ብቻ ነው የሚያዩት? ይህንን ለማየት አንድ ተክል የሚያውቅ ሰውና አንድ ከሕሙማኑ ወገን የሆነ ሰው በቂ ናቸው። ሜዳሊያውን ደግሞ ለዲዛይነሩ ብቻ አይስጡት። ሦስቱን ዓመት ሙሉ አረም ሲነቅልና ሲያጠጣ ለከረመው አትክልተኛም ይስጡት።