ሲስተሙ በልቶታል!

መሥሪያ ቤታችን የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሲስተም ሲያስገባ ሥልጠና ተሰጠን። አሰልጣኙ አይኤስኦ 15489 ስለሚባል የመዝገብ አያያዝ ደረጃ ነገረን። መዝገብ እውነተኛ፣ የሚታመን፣ ያልተነካካና ሲፈለግ የሚገኝ መሆን አለበት አለ። መጨረሻ ላይ "ከእንግዲህ ወረቀት የለም!" ሲል አጨበጨብንለት። እኔ ከአዳራሹ እንደወጣሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የሥልጠናውን ጽሑፍ ፕሪንት ማድረግ ነው።

ምን ላድርግ? ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ዶሴውን በእጁ ካልዳበሰ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። ደብዳቤ ሲመጣ ስካን አደርጋለሁ። ሲስተሙ ላይ እጭናለሁ። ከዚያ መልሼ ፕሪንት አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ እከታለሁ። (አዎ፣ ዋናው ወረቀት እጄ ላይ እያለ። አትጠይቁኝ።)

ሲስተሙ ደግሞ ጭቅጭቅ ይወዳል። ርዕስ ሙላ፣ ላኪ ሙላ፣ ጉዳይ ሙላ። ካልሞሉለት አያሳልፍም። ማን ጊዜ አለው? በየቦታው አንድ አንድ ነጥብ ጣል አደርግለታለሁ። ነጥብ ሲያይ ዝም ይላል።

አንድ ቀን ጠዋት አለቃዬ አንድ ደብዳቤ በአስቸኳይ ፈለጉ። በላኪው ስም ፈለግሁ። "ምንም አልተገኘም" አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ "ሲስተሙ በልቶታል! አላልኳችሁም?" እያልኩ ወደ መሳቢያዬ ገሰገስኩ።

መሳቢያው አልከፈት ብሎ ታገለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረቀት ገለበጥኩ። የሥልጠናው ጽሑፍ ተገኘ። አምና የጠፋው መነጽሬ ተገኘ። ደብዳቤው የለም።

ስመለስ የአይቲው ልጅ አለቃዬ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ አለ እኮ። በገባበት ቀን ፈልጌ አገኘሁት። ርዕሱ ነጥብ ነው። ላኪውም ነጥብ። ጉዳዩም ነጥብ።"

ከ200 በላይ "ነጥብ" የሚባሉ ሰነዶች ተሰልፈው አዩኝ።

"እኔ ማስገባቴን ማን ነገረህ?"

"ሎጉ ነዋ! ማን ምን እንዳስገባ፣ ማን ምን እንደከፈተ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉንም ይይዛል" አለና ዝርዝሩን ወደ ታች ይወርድ ጀመር።

በቃ፣ ይበቃል ልለው አፌን ስከፍት አለቃዬ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

"ይሄ የደረጃ ዕድገት ዕጩዎች ዝርዝር አይደለም እንዴ? በአንድ ቀን 11 ጊዜ ከፍተኸዋል?"

"ሲስተሙ... ሲስተሙ ተሳስቶ ይሆናል።"

አለቃዬ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ።

"እስቲ ይህንን ፕሪንት አድርግልኝ። ኮምፒውተር ላይ ያለ ነገር አይታመንም።"

ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት።