በአርባ ቀን የተሰጠን ስም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ዛሬ ጥር 11 ነው። ታቦታቱ ትናንት በከተራ ከየአድባራቱ ወርደው በየጥምቀተ ባሕሩ አድረዋል። ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሟል፣ ተቀድሷል፣ ሲነጋ ውኃው ተባርኮ ሕዝቡ ተረጭቷል። ከጃን ሜዳ እስከ ጎንደሩ የፋሲል መዋኛ አገሩ ነጭ ለብሷል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ!

እኔ ግን በየዓመቱ በዚህ ቀን ልቤ የሚቆመው አንድ ቃል ላይ ነው። ጌታችን ከዮርዳኖስ ሲወጣ ከሰማይ የመጣው ድምፅ፦ «በእርሱ ደስ የሚለኝ የምወደው ልጄ ይህ ነው» የሚለው። መቼ እንደተባለ ልብ በሉልኝ። ገና አንድ ድውይ አልፈወሰም። በተራራው ላይ አላስተማረም። ወንጌላዊው ዮሐንስ የመጀመሪያው ምልክት የሚለው የቃናው ተአምር እንኳ ገና ነው። የአባቱ ምስክርነት ግን ቀድሞ መጣ። እርሱ የባሕርይ ልጅ ነው፣ እኛ ደግሞ በጥምቀት በጸጋ ልጆች ሆንን። የእኛም ልጅነት ታዲያ ምንም ሳንሠራ የተሰጠን ነው። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ምን ሠርታ ታውቃለች?

የክርስትና ልጄ የተጠመቀች ዕለት ይህ ነገር በደንብ ገባኝ። እሷን ታቅፌ ፊቴን ወደ ምዕራብ መልሼ ስለ እሷ ሰይጣንን ካድኩ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ስለ እሷ እምነቴን መሰከርኩ። እሷ ተኝታለች። ቄሱ ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ሲያጠልቋት ግን ነቅታ ቤተ ክርስቲያኑን በለቅሶ አናወጠችው። ሜሮን ተቀባች፣ ማተቧ ታሰረላት፣ ቆረበች። ስም ወጣላት። ከዚያ በነጠላ ጠቅልዬ ተቀበልኳት፤ ፀጉሯ ገና ውኃ ያንጠባጥብ ነበር።

ያ ስም ብዙ ሩቅ ይሄዳል። ስትቆርብ በእሱ ትጠራለች። እግዚአብሔር ፈቅዶ በተክሊል ስታገባ በእሱ ትጠራለች። የመጨረሻውን ደግሞ ያየሁት በአያቴ ቀብር ላይ ነው። ሠፈሩ ሁሉ በበኩር ልጇ ስም «የእከሌ እናት» ሲላት ነው የኖረው። ፍትሐት ሊጀመር ሲል ቄሱ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እርስ በርስ ተያየን። ልጆቿም አላወቁትም። ታላቅ እህቷ ናት ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «ወለተ ሚካኤል» ያለችው። በሕፃንነቷ በተቀበለችው ስም ተሸኘች።

በመካከል ስንት ነገር ሆናለች! ሙሽራ፣ እናት፣ ጉልት ቸርቻሪ፣ የማኅበር ሙሴ፣ በኋላም አልጋ ላይ የዋለች በሽተኛ። ሁሉም መጥቶ ሄደ። ያኛው አልሄደም።

እኛስ? ምረቃ አለ፣ ሥራ አለ፣ ዕድገት አለ፣ ቪዛ አለ፣ የቤት ቁልፍ አለ። ደስ የሚሉ ነገሮች ናቸው፣ እኔም ስለ ሁሉም ተመስገን ብያለሁ። ደግሼም አውቃለሁ። ግን ከሥራ የተቀነሰ ጓደኛዬ አንድ ማታ «ሰው ‹ምንድን ነው የምትሠራው?› ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ፣ ማን እንደሆንኩ ጠፋብኝ» አለኝ። የዚያን ሰሞን ስልኩ እንኳ መጥራት አቁሞ ነበር። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ ግን ደመወዝ ይገባለት በነበረ ጊዜም ያው ነበር፣ ያን ቀንም ያው ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና በጣቱ ዳበሰው።

የጥርን ነገር ደግሞ እዩልኝ። ጥር 6 ግዝረቱ፣ ዛሬ ጥምቀቱ፣ ነገ ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 21 የእመቤታችን ዕረፍት። ሕፃንነት፣ ሠርግና ሞት በአንድ ወር ውስጥ! ቤተ ክርስቲያን ሦስቱንም ታከብራለች። ነገ የሚካኤል ታቦት በእልልታ ሲገባ የሚነበበው ወይን ጠጅ ያለቀበት ሠርግ ነው። እመቤታችን «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» አለች፤ ስድስቱ የድንጋይ ጋኖች ውኃ ተሞሉ፣ የሙሽሮቹም ገመና ተከደነ። ጌታ የጎደለበት ቤት መግባት አይከብደውም። ይህን ከልቤ አምናለሁ።

እንግዲህ በዚህ ጥር የምትሞሸሩ፣ ጋናችሁን እሱ ይሙላላችሁ። አራስ ቤት ያላችሁ፣ ማርያም በሽልም ታውጣችሁ የተባለላችሁ፣ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። ሐዘን ላይ ያላችሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በዐረብ አገር በሰው ቤት ሆናችሁ በዓሉን በስልክ የምታዩ እህቶቼ፣ ዛሬ በጸሎት አስባችኋለሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ቅዳሜና እሁድን ጠብቃችሁ በብርድ ታቦት የምታጅቡ፣ በረከቱ ይድረሳችሁ።

የክርስትና ስማችሁን የማታውቁት ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ቤት ደውሉና ጠይቁ። የሚያውቁት ትልልቆቹ ናቸው፤ በሕይወት እያሉ ይንገሯችሁ። የክርስትና እናትና አባቶቻችሁንም እንኳን አደረሳችሁ በሏቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

መልካም የጥምቀት በዓል!