የእንግሊዝኛን የእንስሳት አባባል እንዴት ለመድኩት

«ድመቷን ከከረጢቱ አወጣሻት!» አለችኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ በእንግሊዝኛ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ከገባሁ 2 ወር አልሞላኝም ነበር። ቤቱ ውስጥ አረጋውያኑ የሚዳብሷት እውነተኛ ድመት አለች። እና እኔ በር ክፍት ትቼ ድመቷ ያመለጠች መሰለኝ። ያን ቀን ሥራዬን እየሠራሁ ዓይኔ አልጋ ሥር፣ ሶፋ ሥር፣ መጋረጃ ጀርባ ነበር። ሆዴ ደግሞ «በቃ፣ ከሥራ ልባረር ነው» ይላል። ማታ ላይ ድመቲቱ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ተኝታ አገኘኋት።

ነገሩ ሌላ ነው። ለአንዲት እናት ልጆቻቸው በድብቅ ልደት አዘጋጅተው ነበር፤ እኔ ጠዋት ሳለብሳቸው ስለ ኬኩ ነግሬያቸዋለሁ። ምስጢሩን አወጣሽው ማለቷ ነበር። ሰዋስው አውቃለሁ፣ ቃላቱንም አንድ በአንድ አውቃለሁ፣ ግን የተባልኩትን አላወቅሁም። ያ ነው ያናደደኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ከኢንተርኔት ረጅም ዝርዝር አወጣሁ፣ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ትርጉሙ። ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። በአንድ ወር ሸመደድኩት። ጥቅሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዝርዝሩ ውስጥ ከላይ የተቀመጠው «ድመትና ውሻ ይዘንባል» የሚለው ነው፣ ኃይለኛ ዝናብ ለማለት። እኔ 6 ዓመት ስኖር ከሰው አፍ የሰማሁት ምናልባት 2 ጊዜ ነው። ሰው ዶፍ ሲወርድ የሚለው «ኢትስ ፖሪንግ» ነው፣ አለቀ።

ከዚያ የባሰው «ሆልድ ዩር ሆርስስ» ነው። ፈረሶችሽን ያዢ፣ ማለትም ቆይ ትንሽ፣ አትቸኩል። ዝርዝሩ ላይ «ታገስ» ብቻ ይላል። አንድ ቀን ዋናዋ ነርስ መድኃኒት ቶሎ አምጪ ስትለኝ ይችኑ አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ለካ ይሄ ለእኩያ፣ ለጓደኛ፣ ለልጅ የሚባል ነገር ነው፤ ለአለቃ ሲባል «አንቺ ደግሞ ምን ያጣድፍሻል» እንደማለት ነው። ይቅርታ ጠየቅሁ። እሷም ደግ ስለነበረች ነገሩን አስረዳችኝ። ዝርዝሩን ከፍሪጁ ላይ የገነጠልኩት ያን ዕለት ማታ ነው።

የረዱኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ኬንታኪ፣ የፈረስ አገር፣ ተወልደው ዕድሜያቸውን ከፈረስ ጋር ያሳለፉ። በእንግሊዝኛ ስማቸውን ብጠራም በልቤ ጋሼ ነበር የምላቸው። አንድ ጠዋት ልጃቸው ያመጣላቸውን ሹራብ ትንሽ ጠበባቸውና «የስጦታ ፈረስ አፉ አይታይም» አሉ። ምን ማለት ነው አልኳቸው። ጊዜ ሳያባክኑ የራሳቸውን የላይኛ ከንፈር በጣታቸው ገለጥ አድርገው ድዳቸውን አሳዩኝ። ፈረስ ሲያረጅ ድዱ ይሸሻል፣ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል። ገዢ አፉን ከፍቶ ዕድሜውን ያያል። በነፃ የተሰጠህን ፈረስ ግን አፉን ከፍተህ አታይም፣ ነውር ነው።

እኔ በዚያች ደቂቃ ያየሁት ኬንታኪን አይደለም። አባቴን ነው ያየሁት። ለፋሲካ በግ ተራ ስንሄድ አንዱን በግ በጉልበቶቹ መሀል ያዝ ያደርግና ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ቀጥሎ ጀርባውን ይጨብጣል፣ ላቱን በመዳፉ መዘን ያደርጋል። ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። አባባሉ ወዲያው ገባኝ፣ ጭራሽ መሸምደድ አላስፈለገኝም። «ጥርሱ ረዝሟል» ሲባል አርጅቷል ማለት እንደሆነም በዚያው ገባኝ። «ከፈረሱ አፍ ሰማሁ» የሚለውን ደግሞ ከእሽቅድምድም ውርርድ ጋር አያይዘው ነገሩኝ። የትኛው ፈረስ እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ጋላቢውን፣ አሠልጣኙን ትጠይቃለህ፣ ከእነሱ የሚበልጥ ምንጭ ካለ ራሱ ፈረሱ ነው። ወሬውን ከባለቤቱ ከራሱ ሰማሁት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘዴዬን ቀየርኩ። ደብተር ገዛሁ። አንድ አባባል ስሰማ ትርጉሙን አልጽፍም። ማን ለማን እንዳለው፣ ምን ሆኖ እንዳለው፣ በቁጣ ይሁን በሳቅ፣ እንስሳው ምን እንዳደረገ እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ የኛ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ቢሆን ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። ይሄ የመጨረሻው በጣም ይጠቅማል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው፦ ያንኑ እንስሳ መፈለግ። «ፈረሱ ካመለጠ በኋላ ጋጣውን መዝጋት» የሚለውን በፈረስ ብፈልግ አላገኘውም። የኛው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። እንስሳው ሌላ፣ ነገሩ አንድ።

አንዳንዱ ደግሞ ቤታችን ያለ ነው። የበግ ለምድ የለበሰው ተኩላ ከማቴዎስ ወንጌል ነው፣ እነሱም እኛም ከዚያው ወሰድነው። «ስኬፕጎት» የሚሉት፣ የሌላው ጥፋት የሚላከክበት ሰው፣ ዘሌዋውያን 16 ላይ ኃጢአት ተናዝዘውበት ወደ ምድረ በዳ የሚለቁት ፍየል ነው። ቃሉን የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ዊልያም ቲንዴል እ.ኤ.አ. በ1530 በታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ነው ያመጣው። የአዞ እንባንም እኛው እንለዋለን። እነዚህን ለማጥናት ጊዜ አላጠፋሁም።

በጣም ያስቸገረኝ እንስሳው አንድ ሆኖ ስሜቱ ሲለያይ ነው። የሌሊት ፈረቃ ስለምመርጥ አንዷ «ናይት አውል» አለችኝ፣ የሌሊት ጉጉት። እኔ ያደግሁበት ቤት ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸ አያቴ ታማትባለች፤ ሟርት ነው፣ ሰው ሊሞት ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቅር ብሎኝ ዋልኩ። እሷ ግን ሌሊት የሚነቃ ሰው ማለቷ ብቻ ነው፣ እንዲያውም እንግሊዝኛ ጉጉትን የብልህ ምሳሌ ያደርጋታል። ውሻም እንዲሁ። ዕረፍት ሲሰጠኝ «ዩ ላኪ ዶግ»፣ አንቺ ዕድለኛ ውሻ፣ ያለኝ ልጅ እየቀናብኝ ነበር፣ እየሰደበኝ አልነበረም። እንዲህ ያሉትን ደብተሬ ላይ በቀይ ነው የማሰምራቸው። ትርጉማቸው ቀላል ነው፣ ልብ ላይ የሚያርፉበት ቦታ ግን የተለየ ነው። አዲስ የመጡ እህቶቼ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የማስጠነቅቃቸው ከእነዚህ ነው።

ለጋሼ እኔም አንድ ሰጠኋቸው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ»። ጅብ ቁርበት እንደሚበላ ሳስረዳቸው ዝም ብለው አሰቡና በጣም ሳቁ። በትልልቅ ፊደል ጻፊልኝ አሉኝ፤ አልጋቸው ራስጌ ለጠፍኩላቸው። ከሳምንት በኋላ አንድ አዲስ ነዋሪ መጣ። ለሁሉም «እኔ ጣፋጭ ነገር አልነካም» እያለ ሲያወራ ሰነበተና፣ አንድ ቀን የኬኩን ሳህን እኔ ላስቀምጥላችሁ ብሎ ተነሣ። ጋሼ ወደኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቁርበቱን እያስነጠፈ ነው» አሉኝ።