ኤኤንኤ ከ1:640 ወደ 1:320 ሲወርድ

ሉፐስ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት ሕመም ካለብኝ ወዲህ የላብራቶሪ ወረቀቶቼን በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ኤኤንኤ (የራሳችንን የሴል አስኳል የሚያጠቁ አንቲቦዲ የሚባሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች ምርመራ) የሚለው መስመር ላይ አንዴ 1:640፣ አንዴ 1:320፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ 1:640 ተጽፏል። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎችም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፦ «ቁጥሩ ወረደ፤ ተሻለኝ ማለት ነው?»

ማለት አይደለም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ ማየት ይበቃል። ላብራቶሪው ሴረማችንን (የደማችንን ፈሳሽ ክፍል) በእጥፍ በእጥፍ እያቀጠነ ይሄዳል፤ 1:80፣ 1:160፣ 1:320። እያንዳንዱን መስታወት ላይ ካሉ ሴሎች ጋር ያገናኘዋል። አንቲቦዲው ካለ፣ ቀለም ከተጨመረ በኋላ ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ ያበራሉ። ብርሃኑ የታየበት የመጨረሻው ቅጥነት ውጤት ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያንን ብርሃን አይቶ የሚወስነው የሰው ዓይን ነው። ያው ደም በሌላ ቀን ቢታይ አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። 640 እና 320 በግማሽ የተራራቁ ይመስላሉ እንጂ ልዩነታቸው አንድ ደረጃ ብቻ ነው።

ኤኤንኤ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። በ1997 የወጣ አንድ ጥናት በ1:80 ከመቶ ጤነኞች 13 ያህሉ ፖዘቲቭ ሆነው እንዳገኘ አውቃለሁ። ምርመራው በሽታውን ለመለየት ይረዳል። አንዴ ከታወቀ በኋላ ግን እየደጋገሙ ማሠራቱ ገንዘብና እንቅልፍ ማጣት ነው ባይ ነኝ።

እኔ ዓይኔን የማልነቅለው ዲኤንኤን ከሚያጠቃው አንቲቦዲ፣ ከአንቲ ዲኤስ ዲኤንኤ ነው። እሱ ከበሽታው ጋር ከፍ ዝቅ የማለት ጠባይ አለው፤ በተለይ ኩላሊት ሲነካ። አንድ ጊዜ ምንም ሳያመኝ እሱ ወጣ፣ ሉፐስ ሲቀሰቀስ የሚቀንሱት ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉት የመከላከያ ፕሮቲኖች ደግሞ ወረዱ። ሐኪሜ መድኃኒት አልጨመረችም። «ሽንትሽን ቶሎ ቶሎ እንየው» አለችኝ። ልክ ነበረች። የሉፐስ ኩላሊት ሕመም ሲጀምር አይሰማም፤ ሽንት ውስጥ በሚወጣው ፕሮቲን ነው የሚታወቀው። በሌላ በኩል ይህ አንቲቦዲ ለዓመታት ከፍ ብሎባቸው በሽታው ግን ጸጥ ያለላቸው ሰዎች አሉ። ቁጥር ብቻ አይታከምም።

ላብራቶሪ ስትቀይሩ በጣም ተጠንቀቁ። የአንቲ ዲኤስ ዲኤንኤ ምርመራ የሚሠራበት ዘዴ ብዙ ነው፤ አንዱ ጋ 60 የሆነው ሌላው ጋ ኔጌቲቭ ሊባል ይችላል። ከቁጥሩ ጎን በትንንሹ የሚጻፈውን መነሻ ልክና መለኪያ ሳታዩ ሁለት ወረቀት አታወዳድሩ።

ሕክምና ጀምራችሁ ቁጥሩ ቶሎ ካልወረደም አትደንግጡ። አይጂጂ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 3 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። አዲስ መመረቱ ዛሬ ቢቆም እንኳ የቆየው ገና አለ።

አንዳንዱ አንቲቦዲ ደግሞ እምብዛም አይለወጥም። ሮ የሚባለውን የሴል ፕሮቲን የሚያጠቃው አንቲ ሮ እንደዚያ ነው፤ እርግዝና ለምታስብ ሴት ግን መኖሩ ብቻ ለሐኪሟ ትልቅ መረጃ ነው፣ የፅንሱን የልብ ምት ሊነካ ስለሚችል። ሀሺሞቶ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ የታይሮይድ ዕጢን የሚያጠቃበት ሕመም ያለባቸውም ከአንቲቦዲው (ቲፒኦ) ይልቅ የሚከታተሉት ታይሮይድን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ ቲኤስኤችን ነው።

አሁን ቀጠሮ ስሄድ ያለፈውን ወረቀት ይዤ እገባለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀውም «ሁለቱ በአንድ ዘዴ ነው የተሠሩት? ሽንቴስ እንዴት ነው?» ብዬ ነው።