ምርቃቱን ያበላሸው ራም

የምኖረው በሰርግ ቪዲዮ ነው። ከጥምቀት ማግስት አንስቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ጠረጴዛዬ ላይ የካሜራ ካርድ ይከመራል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደገና። ስምንት ዓመት የገፋሁበት ኮምፒውተር ፎርኬ ቪዲዮ ሲሰጡት መንቀሳቀስ እያቃተው ስለመጣ፣ በ2015 ዓ.ም. አዲስ ለመግጠም ወሰንኩ። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ለገና ስትመጣ ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱንና እያንዳንዳቸው 32 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ራሞች በልብስ ጠቅልላ በሻንጣዋ አመጣችልኝ።

የመረጥኩት ፕሮሰሰር የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን 7 7700ኤክስ ነው። ይህ የራይዘን 7000 ትውልድ ገበያ ላይ የዋለው መስከረም 17 ቀን 2015፣ ልክ በመስቀል ዕለት ነበር። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ኤኤም5 የሚባለው መድረክ ሁሉ ነገሩ አዲስ ነበር፤ ፒኖቹ ከፕሮሰሰሩ ወደ ሶኬቱ ሄደዋል፣ 1718 ናቸው። የሚቀበለው ራምም ዲዲአር5 ብቻ ነው። ከአሮጌው ማሽን ነቅዬ የማዛውረው ራም አልነበረኝም።

ሁሉን ገጣጥሜ ያበራሁ ማታ ፋኖቹ ዞሩ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ዲራም ከሚለው ጽሑፍ ጎን ያለችው ቢጫ መብራት በርታለች። ሁለት ደቂቃ ጠብቄ አጠፋሁ፤ ራሞቹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። እንደገና ቢጫ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። በአራተኛው እናቴ «ተወው ልጄ፣ ቡናው ደርሷል» ስትለኝ እንደበራ ትቼው ተነሣሁ። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሊቀዳ ሲል የስክሪኑ ብርሃን ግድግዳው ላይ ታየኝ።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። ዲዲአር5 ያለው ማዘርቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ከራሙ ጋር መስመር በመስመር ይለካካል፤ ምልክቱ በየትኛው ቅጽበት፣ በምን ያህል ቮልቴጅ ቢነበብ ጥርት ብሎ እንደሚደርስ እየሞከረ ይይዛል። ሜሞሪ ትሬኒንግ ይሉታል። 64 ጊጋባይት ሲሆን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ባዮሶች (ማሽኑን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም)፣ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። እኔ ባጠፋሁት ቁጥር ሥራውን ከሀ ይጀምር ነበር። አዲስ ኤኤም5 የምትገጥሙ ሁሉ፣ ቢጫዋን መብራት ስታዩ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ስጧት።

ያን ሌሊት ግን ደስታው አላስተኛኝም፣ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ነካሁ። አንደኛ፣ ራሙን በኤክስፖ ፕሮፋይሉ፣ ማለትም አምራቹ አስቀድሞ ባዘጋጀለት የፍጥነት ልክ፣ ወደ 6000 (በሰከንድ ሚሊዮን ዝውውር) አወጣሁት። ኤኤምዲ ለዚህ ፕሮሰሰር በሁለት ራም የሚፈቅደው 5200 ድረስ ነው፤ 6000 የሚባለው ኦቨርክሎክ፣ ከተፈቀደው በላይ ማስሮጥ ነው፣ ምንም እንኳ ራሙ ካርቶን ላይ በትልቁ ቢጻፍም። ሁለተኛ፣ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ በሚቀንሰው በኬርቭ ኦፕቲማይዘር ሁሉንም ኮሮች (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች) ወደ 30 ቅናሽ አወረድኳቸው። አንዱ ደረጃ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ስለሚሆን ከእያንዳንዱ ኮር ከ90 እስከ 150 ሚሊቮልት ነጠቅኩ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው በቪዲዮ ሲያሳይ አይቼ ትሬፊ የሚባለውን የራም ቁጥር 65535 ላይ አደረግኩት። የፍጥነት መለኪያው ቁጥር ከፍ አለ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጭነት ቻለ፣ እኔም አመንኩት።

ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሠራ። ከዚያ ከጥምቀት ቀጥሎ የነበረው ሰርግ መጣ።

መጀመሪያ ሬንደሩ፣ ያለቀው ቪዲዮ የሚወጣበት ሥራ፣ መሃል ላይ ይቆም ጀመር፤ አንዴ በ12ኛው ደቂቃ፣ አንዴ በ31ኛው። ችግሩ የቪዲዮው ቢሆን እዚያው ቦታ ላይ ነበር የሚቆመው። ቀጥሎ ደግሞ እኔ ምሳ ስበላ፣ ማሽኑ ምንም ሳይሠራ፣ ብቻውን ጠፍቶ ተነሣ። እነዚህን ሁሉ ታግሼ ነበር። ያላስቻለኝ ምርቃቱ ነው። የሙሽራዋ አያት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሙሽራዋ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ስማለች፣ እጃቸው ከራሷ ላይ አረፈ፤ ልክ አፋቸውን ሲከፍቱ ከስክሪኑ ግራ በኩል አረንጓዴ ሳጥኖች ፈልቅቀው ፊታቸውን ሸፈኑት። ለሁለት ሰከንድ ያህል። ድምፁም እዚያው ተሰነጠቀ። ካርዱ ላይ ያለውን ዋናውን ስከፍተው ንጹህ ነው። ወደ ኮምፒውተሩ የተገለበጠው ነው የተበላሸው።

እውነት ለመናገር እጄ ቀዘቀዘ። ቪዲዮው ተሠርቶ ባለቤቶቹ እጅ እስኪገባ ካርድ አልደመስስም፤ ያ ልማዴ ነው ያዳነኝ። በዚያው ሰሞን የሙሽራዋ እናት ደውለው «ልጄ፣ የእናቴ ምርቃት አለልኝ አይደል?» ሲሉኝ «አለ እማማ፣ አያስቡ» አልኳቸው። ያን ካልኩ በኋላ ቀልድ የለም፣ ሰርጎቹን ወደ አሮጌው ማሽን መልሼ አዲሱን እንደ በሽተኛ ያዝኩት።

የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ በሆነው ኢቨንት ቪውወር ውስጥ ዊያ-ሎገር በሚል ስም የተመዘገቡ የሃርድዌር ስህተቶች አገኘሁ፣ ዓይነታቸው የካሽ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ማኅደር)። ሥራ የሰጠኝ ከመልእክቱ ሥር ያለው፣ ስህተቱ የትኛው ክር ላይ እንደደረሰ የሚናገረው የኤፒክ ቁጥር ነው፤ ሁልጊዜ 6 ወይም 7። እያንዳንዱ ኮር ሁለት ክር ስላለውና ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ሁለቱም ያው ኮር 3 ናቸው። ይኸው ኮር ፕሮሰሰሩ ከሁሉ ይሻለኛል ብሎ ከመረጣቸው ሁለት ኮሮች አንዱ ነው። የተሻለ የሚባለው ቀድሞውንም በአነስተኛ ቮልቴጅ ከፍተኛ ፍጥነት መድረስ ስለሚችል ነው፤ ስለዚህ የሚቀነስለት ትርፍ የለውም። ሥራ ሲቀል፣ አንድ ኮር ብቻውን ወደ 5.4 ጊጋኸርትዝ ሲዘል፣ ያኔ ነው ቮልቴጁ የሚያጥረው። ምሳ እየበላሁ የጠፋውም ለዚህ ነው። ሁሉም ኮሮች በአንድነት ሲጫኑ ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል ያ የግማሽ ሰዓት ፈተናዬ ምንም አላሳየኝም።

ኬርቩን ዜሮ አደረግኩት። መጥፋቱ ቆመ፣ የዊያ ስህተቱም ቆመ። ተፈወሰ ብዬ ካርዱን እንደገና ገለበጥኩ፣ ግልባጩን ከዋናው ጋር በሃሽ (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ መለያ ቁጥር) አመሳከርኩ። ይህን አሥር ጊዜ ስደጋግመው አንዱ ተለይቶ ወጣ። ሁለት በሽታ ነበር ተደራርቦ የያዘው፣ የአንዱ ምልክት ሌላውን ሲሸፍንብኝ ነበር።

ራሙን ወደ መነሻው 4800 መለስኩት፤ አሥሩም ልክ። 6000 ላይ አስነሥቼ የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86ን ከፍላሽ ለቀቅኩበት። አምስተኛው ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ እንደገና ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን አራቱንም ዙር ያለ አንድ ስህተት ጨረሰ። እዚህ ላይ ነው ግራ የገባኝ። ፈተናውን የሚያልፍ ራም እንዴት ፋይል ያበላሻል?

መልሱን ያገኘሁት ጣቴን ራሙ ላይ ሳሳርፍ ነው። ሬንደር ላይ እያለ ሳጥኑን ከፍቼ ነካሁት፣ ጣቴን አላስቀምጥ አለኝ። ዲዲአር5 የሙቀት መለኪያ በውስጡ አለው፤ ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሳየው 61 ዲግሪ ይላል። ሜምቴስት ሲሠራ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈት ነው፣ ራሙም ይቀዘቅዛል። ሬንደር ሲሆን ግን የካርዱ ትኩስ አየር በቀጥታ ራሞቹን ይመታቸዋል። የአዲስ አበባም ነገር አለበት፤ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ወደ 20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ቆላ ላይ ያለ ሰው የለካውን እንዳለ መቅዳት አያዋጣም፤ ክፍላችን ቀዝቃዛ መሆኑ ግማሹን ይክሰናል እንጂ ሁሉንም አይደለም።

ሙቀቱ ብቻውን ግን አያበላሽም ነበር። ራም ውስጥ እያንዳንዱ ቢት የሚቀመጠው እንደሚያዣ እንስራ ባለ ዕቃ ነው። የኤሌክትሪክ ክምችቱ ቀስ እያለ ስለሚያልቅ፣ ሳያልቅ በፊት ተነብቦ መሞላት አለበት። ትሬፊ ማለት በሁለት ሙሌት መካከል ያለው ጊዜ ነው። የዲዲአር5 መደበኛው 3.9 ማይክሮሰከንድ ነው፤ 6000 ላይ ራሙ፣ በአንድ ምት ሁለቴ ስለሚልክ፣ በ3000 ሜጋኸርትዝ ስለሚመታ 11700 ምት ይሆናል። እኔ ያስገባሁት 65535 ወደ 22 ማይክሮሰከንድ ይጠጋል፣ ከአምስት እጥፍ በላይ። ለሙሌት የሚባክነው ጊዜ ስለሚቀንስ ራሙ ይፈጥናል፣ እውነት ነው። እንስራው ሲሞቅ ግን ማዣቱ ይብሳል። ቀዝቃዛ ራም ያን ያህል ይታገሣል፤ 61 ዲግሪ ላይ ያለው የእኔ ግን አንዳንዱን ቢት ሙሌቱ ሳይደርስለት ይጥላል። የጠፋው ቢት የሰርግ ፋይል ውስጥ ሲሆን አረንጓዴ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

«ዲዲአር5 ራሱን ያርማል እኮ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እያንዳንዱ ቺፕ በውስጡ የአንድ ቢት ስህተት ማረም ይችላል፣ አዎ። ከቺፑ ወጥቶ ወደ ፕሮሰሰሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ለሚሆነው ግን አይሠራም፣ ማረሙንም ለማንም አይናገርም። ሰርቨሮች ላይ ያለው ኢሲሲ የሚባለው ሙሉ የስህተት ማረሚያ ማለት አይደለም። እባካችሁ በዚህ ተማምናችሁ የሰው ፋይል አታስይዙት።

ትሬፊውን ወደ አውቶ መለስኩ። ራሞቹ ላይ በቀጥታ የሚነፍስ አንድ የ120 ሚሊሜትር ፋን አሰርኩ፤ ሙቀቱ ወደ 49 ወረደ። ሳለሁበት የሶኩን ቮልቴጅ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ የራም መቆጣጠሪያውን የሚመግበውን) አየሁት፤ ኤክስፖውን ሳበራ ማዘርቦርዱ በራሱ 1.36 ሰጥቶታል። ማንም አልጠየቀውም። ወደ 1.20 አወረድኩት፣ 6000 እዚያም ላይ ያለ ችግር ቆመ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ኤክስ3ዲ የሚባሉት ፕሮሰሰሮች እየተቃጠሉ ነው የሚለው ወሬ ሲወጣና ኤኤምዲ ይህንን ቮልቴጅ 1.3 ላይ ሲገድበው፣ ቀድሜ ማውረዴን ሳስብ እፎይ አልኩ። ባዮሳችሁ ከዚያ በፊት የወጣ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት።

ፈተናውንም ቀየርኩ። ዋይ-ክራንቸር የሚባለው የስሌት ፕሮግራም ራሙን እየጫነ፣ ጎን ለጎን ግራፊክስ ካርዱ ሬንደር እየሠራ፣ ሳጥኑ ተዘግቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ሥራዬ የሚሞቀውን ያህል የማያሞቅ ፈተና አልፈልግም። ኬርቩን ደግሞ ራሙ ሦስት ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው የነካሁት፤ ኮርሳይክለር የሚባለው መፈተሻ አንድ አንድ ኮር እየለየ ሲፈትን ምርጦቹ ሁለቱ 5 ቅናሽ ብቻ ቻሉ፣ የቀሩት 15።

የአንድ ሰርግ ሬንደር በ4800 ራም 41 ደቂቃ ነበር፣ በ6000 ደግሞ 39። ሁለት ደቂቃ ናት ልዩነቷ። ለጨዋታ የሚገጥም ሰው የተሻለ ያገኝበት ይሆናል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሥራ ግን 6000 ላይ የቆየሁት ንጹህ ሆኖ ስለቆመ ብቻ ነው፤ አንድ ሌሊት አንድ ስህተት ቢያሳየኝ ኖሮ ያለ ጸጸት ወደ 5200 እመልሰው ነበር።

ካርዱን እንደ አዲስ ገለበጥኩ። ሃሹን አመሳከርኩ፣ አንድ ነው። ደግሜ ገለበጥኩ፣ አሁንም አንድ ነው። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ምርቃቱን ከፈትኩት። የአያትየው እጅ ከሙሽራዋ ራስ ላይ አረፈ፣ ግራው ጥግ ንጹህ ነው፣ ፊታቸው ሙሉ ይታያል። «ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሜን» ሲል ካሜራው ጥቂት ተነቃነቀ፣ ያን ቀን እኔም አብሬ ብያለሁ።