የእናቶች ቀን በናርሲስ እባቦች ዘንድ

እናቴ በሕይወቷ እባብን የምታውቀው በአንድ መንገድ ነው። «እባብን ራስ ራሱን» እያለች ነው ያሳደገችን። ያየ ይጮሃል፣ የሰማ ዱላ ይዞ ይሮጣል፣ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ታዲያ እኔን ልትጠይቅ ካናዳ፣ ዊኒፔግ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት «ነገ እባብ ላሳይሽ ልወስድሽ ነው» ስላት አማተበች። «አንተ ልጅ፣ ጤነኛ ነህ?» አለችኝ። ቢሆንም መጣች።

ዕለቱ እዚህ የእናቶች ቀን ነው፣ የሜይ ሁለተኛው እሁድ። በእኛ ደግሞ የልደታ ማግስት። ማታ የተቀቀለው ንፍሮ ተርፎ ስለነበር በሳህን አድርጋ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ መኪናው ውስጥ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

ናርሲስ የሚባለው መንደር ከዊኒፔግ ወደ ሰሜን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ በ7 ቁጥር መንገድ እስከ ቱሎን፣ ከዚያ በ17 ቁጥር። አካባቢውን ኢንተርሌክ ይሉታል፣ በማኒቶባ ክፍለ ሀገር ትልልቅ ሐይቆች መሃል ያለ ሜዳ ነው። ግራና ቀኙ ረግረግ፣ ገና ቅጠል ያላወጣ የአስፐን ዛፍ፣ የከብት ሣር። መንደሩን አልፈን ስድስት ኪሎ ሜትር እንደሄድን የመኪና ማቆሚያው መጣ። ከዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚዞር የእግር መንገድ አለ፣ እባቦቹ የሚከርሙባቸውን አራት ጉድጓዶች ያገናኛል።

ባለፈው ዓመት ብቻዬን መጥቼ አልቀናኝም ነበር። ሰማዩ ደመና፣ ነፋሱ የሚቆርጥ፣ ሦስት ሰዓት ቆሜ ያየሁት አምስት ስድስት እባብ ነው። እባብ ሙቀቱን ከውጭ ነው የሚያገኘው፣ ፀሐይ ከሌለች አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ የአየር ትንበያውን ነው የማየው። ያን ዕለት 19 ዲግሪ ነበር፣ ነፋስ የለም።

ከማየታችን በፊት ሰማነው። ደረቅ ቅጠል ላይ የሚሄድ ነገር ድምፅ ነው፣ ግን ከአንድ ቦታ አይመጣም፣ ከየአቅጣጫው ነው። እናቴ ቆመች። «እህል የሚያንገዋልል ሰው አለ እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ልክ ስንዴ በሰፌድ ሲንገዋለል ያለው ድምፅ ነው። አጥሩ ጋ ደርሰን ወደ ታች ስናይ የጉድጓዱ ወለል ይንቀሳቀሳል።

ባለቀይ ጎን ጋርተር እባብ ይባላል። ቀጭን ነው፣ ጥቁር ጀርባ ላይ ቢጫ መስመር፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ። ሰውን የሚጎዳ መርዝ የለውም። ከታች ያለው የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውኃ ለረጅም ዘመን እየበላው ስንጥቅና ዋሻ ሆኗል። የማኒቶባ ክረምት መሬቱን ወደ ውስጥ ርቆ ያቀዘቅዘዋል፣ እባቦቹ ግን በስንጥቁ ቅዝቃዜው ከማይደርስበት ድረስ ወርደው ሰባት ስምንት ወር እዚያው ይቆያሉ። በአራቱ ጉድጓዶች ከ70 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ይወጣሉ። መጀመሪያ ወንዶቹ፣ በጅምላ። ወጥተውም የትም አይሄዱም። ምግብ እንኳ ሳይፈልጉ የጉድጓዱ አፍ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ግን አንድ በአንድ፣ ሁለት በሁለት ነው ብቅ የሚሉት። አንዷ ስትወጣ ያ ሁሉ ወንድ ይወርድባታል። አንዳንዴ ወንዶቹ እስከ መቶ ይደርሳሉ። ተጠቅልለው እንደ ድቡልቡል ኳስ ይሆናሉ፣ ኳሱም ቁልቁል ይንከባለላል።

ሰው ሁሉ የሚያነሳው ያንን ኳስ ነው። እኔም መጀመሪያ ሃምሳ ስድሳ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ካሜራው ላይ መልሼ ሳያቸው ምንም የለባቸውም። የተጠላለፈ ገመድ ነው። ማን ማንን ምን እንደሚያደርግ አይታይም፣ ራስና ጅራቱ አይለይም። ስለዚህ ሐሳቤን ቀየርኩ። ከመንገዱ ዳር መሬት ላይ በሆዴ ተኛሁ፣ ከቅርብ የሚያነሳውን 100 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ ገጠምኩ፣ አንድ ወንድ መርጬ እሱን ብቻ መከተል ጀመርኩ። ግራ ጎኑ ላይ ትንሽ ጠባሳ ስላለው አይጠፋብኝም።

መጀመሪያ የሚሠራው ምላሱ ነው። ያወጣዋል፣ መሬቱን ይነካል፣ ይመልሳል። እንደገና። እባብ ሽታን የሚለየው ምላሱ ያመጣለትን ላንቃው ላይ ባለ አካል ነው። የሴቷ ጠረን፣ ፌሮሞን የሚሉት፣ በቆዳዋ ቅባት ውስጥ ስላለ ምላሱ ሊነካት ግድ ነው። የእኔው ወንድ በሴቷ ጅራት በኩል ደረሰ። አንዴ ነካት። ከዚያ ሁሉ ነገሩ ተቀየረ። አገጩን ጀርባዋ ላይ ጫነ፣ ተጭኖም ወደ ራሷ እየዳበሰ ሄደ፣ እንደ ሰው እጅ። ሌሎች ሲገፉት ይንሸራተታል፣ ተመልሶ አገጩን ያገኛታል። ሰውነቱን ከሰውነቷ ጋር አስተካክሎ ከጅራቱ ወደ ራሱ የሚሄድ ትንሽ ሞገድ ይሰድዳል። ይህን ሁሉ ከአርባ ሳንቲ ሜትር ርቀት አየሁት። ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ዓይኑ ቆብ የለውም፣ ብርጭቆ እንደለበሰ ነው፣ ውስጡ ሰማዩና የእኔ ኮፍያ ይታያሉ።

ለምታነሱ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ሁለት ነገር። ፎከሱን ዓይኑ ላይ አድርጉ፣ ሌላው ቢደበዝዝ ግድ የለም። ምላሱን ለመያዝ ቢያንስ 1/800 ሰከንድ ያስፈልጋል፣ እኔ በ1/500 ሞክሬ አብዛኛው ደብዝዞብኛል። ቅርፊቱ ያብረቀርቃል፣ ፖላራይዘር ፊልተር ብዙ ይረዳል። ፍላሽ ተዉት። ጥላችሁም እንዳያርፍባቸው፣ ፀሐይ ይከለልባቸዋል። ከምንም በላይ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ዙሪያችሁን እዩ። አንድ ሰው የተሻለ ቦታ ሲፈልግ ወደኋላ ሲራመድ አየሁ፣ ጫማው ሥር ሁለት እባብ ነበር። አንዱ አልተነሳም። ሰውየው አላየውም፣ ፎቶውን አንስቶ ሄደ። ያ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ያንን ክረምት ያለ ምግብ አልፎ፣ ገና ብቅ ያለ ፍጥረት ነው።

ከቀትር በኋላ ደግሞ ሌላ ገረመኝ። አንድ ኳስ መሃሉን ፈልጌ ሴቷን አጣኋት። ሴት በመጠን ትታወቃለች፣ ከወንዱ በጣም ትወፍራለች፣ ትረዝማለች። እዚህ ግን መሃል ያለውም እንደሌሎቹ ቀጭን ነው። ጭቃ የለበሰ፣ ገና ከጉድጓድ የወጣ፣ መንቀሳቀስ የከበደው ወንድ። እንዲህ ያለው ለአንድ ሁለት ቀን የሴት ጠረን ይኖረዋል፣ ሌሎቹም ሴት መስሏቸው ይከቡታል። ሳይንቲስቶች በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው ይህን ያስተዋሉት። በኋላ እዚሁ ማኒቶባ በተሠራ ጥናት ጥቅሙ ታወቀ፣ ከሌሎቹ ሰውነት ሙቀት ያገኛል፣ ቁራ እንዳይለቅመውም መሸሸጊያ ይሆነዋል። ቁራዎቹ እዚያው አስፐኑ ላይ ናቸው። እባቡን ወግተው ጉበቱን ብቻ በልተው ይጥሉታል። ሁለት እንዲህ የተጣሉ አግኝቻለሁ።

ለእናቴ ነገርኳት። እስከዚያ ድረስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከሩቅ ነበር የምታየው። «ብርድ ነው ያስተባበራቸው በለኛ» አለች። ተነስታ አጥሩ ጋ ቆመች።

ንፍሯችንን እዚያው በላን። አጠገባችን አንዲት ትንሽ ልጅ አንዱን በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ይዛ ነበር፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ለቀቀባት፣ እሷ ግን አልጣለችውም፣ ጎንበስ ብላ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። ስለ መንገዱም አወራን። በ17 ቁጥር ላይ በአንድ ዓመት እስከ 10 ሺህ እባብ በመኪና ያልቅ ነበር። አሁን ከመንገዱ ሥር ትንንሽ መተላለፊያ ቱቦ ተቀብሯል፣ ወደ ቱቦው የሚመራ ዝቅ ያለ አጥርም አለ። በፈረንጆቹ 1999 ብርዱ በአሥር ሺዎች ፈጅቷቸው ነበር። ቁጥራቸው መልሶ ያገገመው ሲጠበቁ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ወደዚያ ባለጠባሳው ወንድ ተመለስኩ። አልተሳካለትም፣ ሌላ ቀድሞታል። አንዱ ሲሳካለት የሴቷን አካል የሚዘጋ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ትቶ ነው የሚሄደው፣ ሌሎቹም ይተዋታል። ኳሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተፈታ። የእኔው ምላሱን እያወጣ ወደ ጉድጓዱ አፍ ዞረ። ሴቷ ግን ብቻዋን ቀረች። ትንሽ አረፈች። ከዚያ ወደ ረግረጉ አቅጣጫ መሄድ ጀመረች። በጋውን እንቁራሪትና የምድር ትል እየበላች እዚያ ታሳልፋለች፣ መጨረሻ ላይም እንቁላል ሳይሆን ነፍስ ያላቸው ልጆች ትወልዳለች፣ በመስከረም ደግሞ ወደዚሁ ጉድጓድ ትመለሳለች።

እናቴ የእግረኛው መንገድ መሃል ቆማ ነበር። ሴቷ እባብ በቀጥታ ወደ እሷ መጣች። ካሜራውን አነሳሁ፣ እናቴ ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ ሰብሰብ አደረገች፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወጣች።

«እለፊ» አለቻት። «እለፊ፣ መንገድሽ ነው።»

የዕለቱ የመጨረሻ ፎቶዬ እሱ ነው። የእናቴ ጥቁር ጫማ፣ የነጠላው ጥለት፣ ከፊታቸው ወደ ሣሩ የምትገባ ቢጫ መስመር።